አዲስ አንድሮይድ ስልክ፦ አመራረጡ፣ አዘገጃጀቱና አያያዙ

በመጀመሪያው ሳምንት የማይወደድ አዲስ ስልክ የለም። ስክሪኑ ያበራል፣ ሲነኩት ይታዘዛል፣ ባትሪው እስከ ማታ ይዘልቃል። ጥሩው ከመጥፎው የሚለየው ቆይቶ ነው። አንዱ በሦስተኛ ዓመቱም እንደ ልብ ሲያገለግል ሌላው በዓመት ከመንፈቁ «ቦታ ሞልቷል» እያለ ያስቸግራል፣ አንድ አፕ ለመክፈት እንኳ ይንቀራፈፋል። ስለዚህ ስልክ ሲመርጡ ሦስተኛውን ዓመት እያሰቡ ይምረጡ። ዋጋቸው ተቀራራቢ የሆኑ ሁለት ስልኮች ፊትዎ ሲቀርቡ ብዙ ጊዜ መልሱን የሚሰጥዎት ይኸው ሐሳብ ነው።

1. የአፕዴቱን ዕድሜ ይጠይቁ

ሻጭ ስለ ካሜራው ሳይጠየቅ ይናገራል፤ ስለ አፕዴት የሚያነሳ ግን እምብዛም አይገኝም። እኔ ቅድሚያ የምሰጠው ለዚህ ነው።

አንድሮይድ ስልክ ሁለት ዓይነት አፕዴት ያገኛል። አንደኛው የአንድሮይዱን ቁጥር የሚቀይረው ነው፤ ከ15 ወደ 16 እንደሚባለው። ሁለተኛው የደህንነት አፕዴት ሲሆን አጥቂዎች ሊገቡባቸው የሚችሉ ቀዳዳዎችን ይደፍናል። የመጀመሪያው ቢቀር ብዙም አይጎዳዎትም። ሁለተኛው ሲቋረጥ ግን ስልኩ ከውጭ ምንም ሳይለወጥ ከውስጥ እየተጋለጠ ይሄዳል። አንድሮይዱ በጣም ሲያረጅ ደግሞ የባንክና የመልእክት አፖችም አንድ በአንድ መሥራት ያቆማሉ።

አምራቾች የሚገቡት ቃል በጣም ይለያያል። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2023 ካወጣው ፒክስል 8 ጀምሮ፣ ሳምሰንግ ደግሞ በ2024 መጀመሪያ ላይ ካወጣው ጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ የ7 ዓመት አፕዴት ቃል ገብተዋል። ከርካሾቹም ቢሆን ረጅም ዕድሜ የተሰጣቸው አሉ፤ ጋላክሲ ኤ16 የ6 ዓመት ቃል ይዞ ነው የወጣው። በዚያው ዋጋ የሚሸጡ ሌሎች ስልኮች ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ብቻ ሊያገኙ ይችላሉ። ካርቶኑ ላይ ስለማይጻፍ የሞዴሉን ስም ይዘው የአምራቹን ድረ ገጽ ይመልከቱ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የዓመቱ ቆጠራ የሚጀምረው ሞዴሉ ገበያ ላይ ከዋለበት ጊዜ ነው፤ እርስዎ ስልኩን የገዙበት ቀን አይታሰብም። የ4 ዓመት አፕዴት ያለውን ስልክ ከወጣ ከሦስት ዓመት በኋላ በቅናሽ የገዛ ሰው የቀረችው አንድ ዓመት ናት። ቅናሹ የመጣውም በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ስልኩን በእጅዎ ይዘው ማየትም ይቻላል። ሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ የሚገልጸውን ክፍል ይክፈቱና የአንድሮይድ ቁጥሩን ይንኩ፤ የደህንነት አፕዴቱ ቀን እዚያ ተጽፏል። ከካርቶን ገና የወጣ ስልክ ቀኑ ጥቂት ወራት ወደ ኋላ ቢል አያስደነግጥም፤ ኢንተርኔት ሲያገኝ ይስተካከላል። «አዲስ አፕዴት የለም» እያለ ቀኑ ከዓመት በላይ ያለፈበት ከሆነ ግን አምራቹ ያንን ሞዴል ትቶታል ማለት ነው።

2. ስቶሬጅ ላይ አይቆጥቡ

64 ጊጋ የተባለ ስልክ ሲከፈት 64 ጊጋ ባዶ ቦታ የለውም። አንድሮይዱና አምራቹ የጫናቸው አፖች ብቻቸውን ከ20 ጊጋ በላይ የሚይዙባቸው ስልኮች አሉ። በቀረው ላይ ከዋትስአፕና ከቴሌግራም የሚወርደው ፎቶና ቪዲዮ በየቀኑ ይከማቻል። 4ኬ በሚባለው ከፍተኛ ጥራት የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ 300 ሜጋባይት አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ቦታው ሊሞላ ሲል ስልኩ ይዘገያል፣ አፕዴት የሚያወርድበት ቦታም ያጣል። 128 ጊጋ ዝቅተኛው ይሁን፤ ቪዲዮ አዘውትረው የሚቀርጹ ከሆነ 256 ይውሰዱ። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ከተሻለው ካሜራ ይልቅ ሰፊው ስቶሬጅ ይሻልዎታል።

«ሚሞሪ ካርድ ይቀበላል» መባሉ ፎቶና ሙዚቃ ለማስቀመጥ ይጠቅማል፤ አብዛኞቹ አፖች ግን ካርድ ላይ አይሄዱም። የሲም ማስገቢያውንም አውጥተው ይዩት። ብዙ ስልኮች ላይ ሁለተኛው ሲምና ሚሞሪ ካርዱ አንድ ቦታ ይጋራሉ፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይቀራል።

ራም (ስልኩ የተከፈቱ አፖችን የሚያሠራበት ፈጣን ጊዜያዊ ቦታ) 6 ጊጋ ለተለመደ ሥራ ይበቃል፤ ለዓመታት ለሚያቆዩት ስልክ ግን 8 ይሻላል። «8+8»፣ «እስከ 16 ጊጋ ራም» የሚሉ ጽሑፎች እንዳያታልሉዎት። የተደመረው ቁጥር ከስቶሬጁ ላይ ተቆርሶ ራም እንዲመስል የተደረገ ቦታ ነው፤ ፍጥነቱም ከእውነተኛው ራም እጅግ ያነሰ ነው። ከመደመሪያው ምልክት በፊት ያለውን ብቻ ያንብቡ።

3. ካርቶኑ ላይ የደመቁት ሌሎች ቁጥሮች

የካሜራው ሜጋፒክስል ብዙ አይነግርዎትም። ባለ 50 ሜጋፒክስሉ ካሜራ በተለመደው አሠራሩ አራት አራት ነጥቦችን አንድ እያደረገ 12 ሜጋፒክስል ገደማ ፎቶ ነው የሚያወጣው። ከኋላ ከተደረደሩት ሌንሶች መካከል 2 ሜጋፒክስል የተባሉት ደግሞ በአብዛኛው ለቁጥር ማሟያ የገቡ ናቸው። ካሜራን መፈተን የሚቻለው በማንሳት ነው፦ ብርሃን ባነሰበት ክፍል ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሰው ያንሱና ፎቶውን አጉልተው ዓይኑንና ፀጉሩን ይመልከቱ። በፀሐይ የተነሳ አበባ በማንኛውም ስልክ ያምራል።

ስክሪኑን ወደ በር ወስደው ብርሃን ላይ ያንብቡት። ቤት ውስጥ የሚያምር ስክሪን ፀሐይ ላይ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። አሞሌድ የሚባለው ስክሪን ጥቁሩ ጥልቅ ነው፤ ኤልሲዲ ርካሽ ቢሆንም ብሩህ ከሆነ አይናቅም። ፕሮሰሰሩን በተመለከተ፣ ከባድ ጌም የማይጫወት ሰው በስሙ ብዙ መጨነቅ የለበትም።

ከሌላ አገር የመጣ ስልክ ከሆነ ግን አንድ ነገር አጣርተው ይግዙ፦ ሲም ካርድዎ ላይ ያለው ኔትወርክ የሚጠቀምባቸውን የ4ጂና የ5ጂ ፍሪኩዌንሲዎች ይደግፋል? የድምፅ ጥሪስ በ4ጂ ያደርጋል? በብዙ አገሮች የ3ጂ ኔትወርክ እየተዘጋ ስለሆነ ይህን የማይችል ስልክ አንድ ቀን ኢንተርኔት እየሠራለት መደወል ሊያቅተው ይችላል።

4. ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት

ሲምዎን አስገብተው ይደውሉ፤ በጆሮ ማዳመጫው በኩልም በስፒከሩም ይስሙ። ቀጥሎ የመደወያው ገጽ ላይ *#06# ይጻፉ። የሚወጣው ባለ 15 አሃዝ ቁጥር የስልኩ መለያ ነው፤ ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ። ካልገጠመ ካርቶኑ የሌላ ስልክ ነው። ከዚያ ፕሌይ ስቶርን ይክፈቱ፣ የመገለጫ ምልክቱን ነክተው ወደ ሴቲንጉ ይግቡና ስለ አፑ በሚገልጸው ክፍል ውስጥ ስልኩ ፕሌይ ፕሮቴክት በሚባለው የጎግል ደህንነት ማረጋገጫ የተረጋገጠ መሆን አለመሆኑን ይዩ። ያልተረጋገጠ ስልክ ላይ የባንክ አፖች እምቢ ሊሉ ይችላሉ።

ያገለገለ ስልክ ከሆነ ጥንቃቄው ይጨምራል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ አንድሮይድ የስርቆት መከላከያ አለው፦ የባለቤቱ የጎግል አካውንት ሳይወጣ በጉልበት የተደመሰሰ ስልክ እንደገና ሲከፈት የቀድሞውን አካውንት ይጠይቃል። ስለዚህ ሻጩ አካውንቱን በፊትዎ ያውጣ፣ ከሴቲንግ ገብቶ ሪሴት ያድርገው (ሁሉንም ደምስሶ እንደ አዲስ ያስጀምረው)፣ እርስዎም በራስዎ አካውንት ከፍተው መነሻ ገጹ ላይ እስኪደርሱ ገንዘብ አይስጡ። «ቤት ሄደህ ትከፍተዋለህ» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ስልኩን መልሰው ይስጡት።

5. ወደ አዲሱ ስልክ ማዛወር

ብዙ ሰው ፎቶውን፣ መልእክቱንና አካውንቱን የሚያጣው በዚህ ምሽት ነው፤ የሚያጣውም በችኮላ ነው። ዋናው ሕግ አጭር ነው፦ የድሮው ስልክ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት አይደመሰስ፣ አይሸጥ፣ ለማንም አይሰጥ።

ሁለቱንም ስልኮች ቻርጅ አድርገው ዋይፋይ ላይ ያገናኙ። የድሮው ላይ በመጀመሪያ ኮንታክቶቹ የት እንደተቀመጡ ይዩ። ሲም ላይ ያሉት ከስምና ከቁጥር ውጪ ብዙም አይይዙም፤ ስልኩ ላይ ብቻ ያሉት ደግሞ ስልኩ ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ። ሁሉንም ወደ ጎግል አካውንትዎ ያዛውሯቸው። ቀጥሎ ከሴቲንግ ወደ ጎግል፣ ከዚያ ወደ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ገብተው «አሁን ባክአፕ አድርግ» የሚለውን ይንኩ።

አዲሱን ሲከፍቱ «ከድሮ ስልክ ቅዳ» የሚል ጥያቄ ይመጣል። በዩኤስቢ ኬብል ማገናኘቱ ከዋይፋይ ይልቅ ፈጣንም አስተማማኝም ነው። ያኔ አፖችዎ፣ ኮንታክቶችዎ፣ ኤስኤምኤስዎና ፎቶዎችዎ ይመጣሉ። አራት ነገሮች ግን የራሳቸው አካሄድ አላቸው።

ዋትስአፕ፦ የድሮው ስልክ ላይ ባለው ዋትስአፕ ሴቲንግ ውስጥ ወደ ቻት ገብተው ቻት የማዛወሪያውን መንገድ ይምረጡ፤ አዲሱ ላይ የሚመጣውን የኪውአር ኮድ ሲያነብ ቻቱ ከስልክ ወደ ስልክ ይሄዳል። በጎግል ድራይቭ ባክአፕ ካደረጉም ይሠራል፤ ባክአፑ ግን ነጻ ከሆነው 15 ጊጋ ላይ ስለሚቆጠር ቦታ መኖሩን ይዩ። ባክአፑን በፓስወርድ ቆልፈው ከሆነና ፓስወርዱ ከጠፋዎት ዋትስአፕ ራሱ ሊከፍትልዎት አይችልም።

ቴሌግራም፦ የመግቢያው ኮድ በኤስኤምኤስ ሲጠብቁት ላይመጣ ይችላል፤ በአብዛኛው የሚላከው የድሮው ስልክ ላይ ወዳለው ቴሌግራም ነው። የድሮውን አጥፍተው ኮድ የሚጠብቁ ሰዎች የሚቸገሩት ለዚህ ነው። ሚስጥራዊ ቻቶች ጨርሰው አይዛወሩም።

የማረጋገጫ ኮድ የሚያወጡ አፖች፦ ጎግል ኦተንቲኬተርን የመሰለ አፕ ካለዎት አካውንቶቹን በራሱ የማዛወሪያ መንገድ ወደ አዲሱ ያስተላልፉ፣ ከዚያም አንዱን አካውንት ከፍተው በአዲሱ ስልክ ኮድ መግባት መቻልዎን ይሞክሩ።

የባንክ አፖች፦ ብዙዎቹ የሚታሰሩት ከአንድ ስልክ ጋር ስለሆነ አዲሱ ላይ እንደገና መመዝገብ ይፈልጋሉ። የድሮው ስልክ እየሠራ እያለ ይጨርሱት።

6. በዚያው ምሽት የሚደረጉ

መጀመሪያ አፕዴት። አንዱ አልቆ ስልኩ ሲነሳ ተመልሰው ይፈትሹ፤ አዲስ ስልክ ላይ ሁለትና ሦስት ተከታትለው የሚመጡበት ጊዜ አለ።

ቀጥሎ መቆለፊያ። ባለ 6 አሃዝ ፒን ያድርጉ፣ የልደት ዓመት አይሁን። የሁለቱንም እጆች አውራ ጣት ያስመዝግቡ።

አሁን ጥቂት ሰው ብቻ የሚያስታውሰውን ልንገርዎት፦ ሲም ካርዱን ራሱን በፒን ይቆልፉ። ስልክዎ የቱንም ያህል ቢቆለፍ ሌባ ሲሙን አውጥቶ ሌላ ስልክ ላይ ሲከት የማረጋገጫ ኤስኤምኤሶችዎ እሱ ጋ መድረስ ይጀምራሉ። የሲም መቆለፊያው በሴቲንግ የደህንነት ክፍል ውስጥ ይገኛል። ሲከፍቱት መጀመሪያ ከሲሙ ጋር የመጣውን ፒን ይጠይቃል፤ በግምት አይሞክሩ። ሦስት ጊዜ ከተሳሳቱ ይዘጋና ፒዩኬ የሚባለውን ቁጥር ይጠይቃል፤ ፒዩኬው አሥር ጊዜ ከተሳተ ሲሙ ከጥቅም ውጪ ይሆናል። ሁለቱም ቁጥሮች በአብዛኛው ሲሙ በመጣበት ካርድ ላይ ስለሚጻፉ ካርዱን አይጣሉት።

የጠፋ ስልክ መፈለጊያው መብራቱን ያረጋግጡ፤ ጎግል በ2025 ስሙን ወደ ፋይንድ ሃብ ቀይሮታል። ከሌላ ሰው ስልክ ላይ ገብተው ስልክዎ ካርታው ላይ መታየቱን አንድ ጊዜ ይሞክሩት፤ የጠፋ ዕለት መማር ከባድ ነው።

ከዚያ ማጽዳት። ከስልኩ ጋር የመጡና የማይፈልጓቸውን አፖች ያጥፉ፤ የማይጠፉትን ከሥራ ውጪ ያድርጉ። አምራቹ «ለእርስዎ የተመረጡ ማስታወቂያዎች» ብሎ ለሚያቀርበው ጥያቄ ሁሉ እምቢ ቢሉ ከስልኩ ምንም አይጎድልብዎትም።

7. ባትሪ

«አዲስ ባትሪ መጀመሪያ ስምንት ሰዓት ይሰካ» የሚለው ምክር ከጥንቶቹ የኒኬል ባትሪዎች የቀረ ነው። የዛሬው ሊቲየም ባትሪ ይህን አይፈልግም። ባትሪን የሚያስረጀው በዋናነት ሙቀት ነው፤ ቀጥሎ ለረጅም ሰዓት መቶ በመቶ ላይ መቆየትና ደጋግሞ ዜሮ መድረስ። ስለዚህ ቻርጅ ላይ ሳለ ትራስ ሥር አያድርጉት፣ እየተሰካ ከባድ ጌም አይጫወቱ፣ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አይተዉት። ስልክዎ 80 በመቶ ላይ ቻርጅን የሚያቆም ምርጫ ካለው ይክፈቱት። ቀኑን ሙሉ ከቻርጀር ርቀው የሚውሉ ከሆነ ግን መቶ ይሙሉት፤ ስልኩ እርስዎን እንዲያገለግል ነው የተገዛው።

ባትሪው ቶሎ ካለቀ ሴቲንግ ውስጥ የባትሪ አጠቃቀም ዝርዝሩን ይክፈቱ። ሳይከፍቱት ከላይ የተቀመጠ አፕ ካገኙ ከጀርባ የሚሠራውን ይገድቡበት። የክፍት አፖችን ዝርዝር በየደቂቃው ጠርጎ መዝጋት ባትሪ አያድንም፤ አንድሮይድ ራሱ ያስተዳድራቸዋል፣ የተዘጋው አፕ ከዜሮ ሲነሳ የበለጠ ኃይል ይበላል። ኔትወርክ በሚያንስበት ቦታ ባትሪ ቶሎ ማለቁም የስልኩ ጥፋት አይደለም፤ ምልክት ፍለጋ ኃይሉን ይጨርሰዋል።

ተቃራኒው ችግርም አለ። አንዳንድ አምራቾች ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ አፖችን ከጀርባ ይገድላሉ፤ መልእክት አፑን ሲከፍቱ ብቻ የሚመጣብዎት ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው። የዚያን አፕ ገጽ ከፍተው የባትሪ ገደቡን ያንሱለት።

ጀርባው አብጦ ወይም ስክሪኑ ከፍ ብሎ ካዩ ያኔውኑ መጠቀም ያቁሙ። አይሰኩት፣ አይጫኑት፣ አይብሱት፤ ወደ ጥገና ይውሰዱት።

8. ፈቃድ ሲጠየቁ

አፕ ማይክ፣ ካሜራ ወይም ያሉበትን ቦታ ሲጠይቅ «በዚህ ጊዜ ብቻ» የሚለው ምርጫ ከአንድሮይድ 11 ጀምሮ አለ፤ ይጠቀሙበት። ከአንድሮይድ 12 ወዲህ ካሜራ ወይም ማይክ ሲከፈት ከስክሪኑ ላይኛ ጥግ አረንጓዴ ምልክት ይበራል። ማንንም ሳያነጋግሩ፣ ምንም ሳይቀርጹ ከበራ ምልክቱን ስበው አውርደው ማን እንደከፈተው ይዩ።

ከሁሉ አደገኛው ግን ለአካል ጉዳተኞች እገዛ ተብሎ የተዘጋጀው (አክሰሲቢሊቲ የሚባለው) ፈቃድ ነው። ይህን ያገኘ አፕ ስክሪንዎ ላይ ያለውን ሊያነብ፣ በእርስዎ ፈንታም ሊጫን ይችላል። ዓይነ ስውራን ለሚጠቀሙበት ስክሪን አንባቢ አፕ አስፈላጊ ነው፤ የእጅ ባትሪ ወይም የፎቶ ማሳመሪያ አፕ ከጠየቀ ግን ወዲያው ያጥፉት። የባንክ ሂሳብ የሚዘርፉ ብዙ አፖች የሚገቡት በዚህ በር ነው፤ የሚመጡትም ብዙ ጊዜ ከፕሌይ ስቶር ውጪ፣ በመልእክት በተላከ ፋይል ነው። «ከባንክ ነው የምደውለው፣ ይህን አፕ ጫን» ላለዎት ሰው መልስ ሳይሰጡ ስልኩን ይዝጉ፤ የፈለገ ቢያጣድፍዎትም።

9. ሲንቀራፈፍ

መጀመሪያ አጥፍተው ያብሩት። ቀጥሎ ስቶሬጁን ይዩ፤ ከ10 እስከ 15 በመቶው ባዶ መሆን አለበት። ካልተሻለው በሴፍ ሞድ ያስነሱት፤ በአብዛኞቹ ስልኮች የማጥፊያው ምርጫ ሲመጣ እሱን ጫን ብለው ይይዛሉ። በዚያ ሁኔታ እርስዎ የጫኗቸው አፖች አይሠሩም። ስልኩ በሴፍ ሞድ ከፈጠነ ጥፋቱ ከአፖቹ የአንዱ ነው፤ በቅርብ ከጫኑት ጀምረው አንድ በአንድ ያጥፉ። ሪሴት የመጨረሻው ነው፣ እሱም ከባክአፕ በኋላ።

10. የድሮውን ስልክ ሲያስረክቡ

ሁለቱ ሳምንት አልፎ ምንም ነገር ፍለጋ ወደ ድሮው ስልክ ካልተመለሱ አሁን ሊሰጡት ይችላሉ። ሲሙንና ሚሞሪ ካርዱን ያውጡ። የጎግል አካውንትዎን፣ የአምራቹም አካውንት ካለ እሱን፣ ከሴቲንግ ያስወግዱ። ከዚያ ሪሴት ያድርጉት። ስልኩ እንደገና ሲነሳ የቋንቋ መምረጫው ከመጣ በኋላ ዋይፋይ አገናኝተው ጥቂት ገጾች ይቀጥሉ፤ የቀድሞ አካውንት ካልጠየቀ አጥፍተው ከቻርጀሩ ጋር ያስረክቡት።